ስልኩ «ቤት ውስጥ ማንም የለም» ሲል፣ አንቺ ግን ልብስ እየተኮስሽ ስትሆኚ

ነሐሴ ነው፤ ውጭው እሳት ነው። ማዳም ልጆቹን ይዛ ከወጣች አንድ ሰዓት አልፏል። አንቺ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቆመሽ የባባን ካንዱራ ትተኩሻለሽ። በድንገት የኤሲው ድምፅ ይቀንስና ዝም ይላል። ሪሞቱን ትጫኚያለሽ፤ ይነሣል። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይጠፋል። መጀመሪያ «ተበላሸ» ትያለሽ። ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ሊሉኝ ነው።»

ኤሲው አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ከማዳም ስልክ ጋር በዋይፋይ የተያያዘ ነው፤ ቤቱ ደግሞ «ሰው የለም፣ መብራት አይባክን» ብሎ ደምድሟል። እንዴት ደመደመ? የማዳምና የባባ ስልኮች ከሰፈሩ ርቀዋል። ሳሎን ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ሴንሰር ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚንቀሳቀስ ሰው አላየችም። ሁለቱን ደመረና ፈረደ። በዚያ ድምር ውስጥ አንቺ የለሽበትም። ስልክሽ አፑ ላይ አልተመዘገበም፤ ማጠቢያ ክፍሉም ሴንሰር የለውም።

ዛሬ የማጫውትሽ ስለዚህ ድምር ነው። (ሾፌር፣ ዘበኛ ወይም ምግብ አብሳይ ሆናችሁ ይህን ገጽ የምታነቡ ወንድሞቼ፣ «አንቺ» እያልኩ መጻፌን ይቅር በሉኝ። ነገሩ የእናንተም ነው።) በር፣ መብራት፣ ኤሲ፣ ካሜራ፣ የውሃ ቆጣሪ፣ ማጠቢያ ማሽን በኢንተርኔት ተያይዘው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት አሠራር «የነገሮች ኢንተርኔት» ይባላል። ዕቃዎቹ የሚያዩትና የሚሰሙት በሴንሰር ነው፤ አረቦቹ «ሐሳስ» ይሉታል። ነገር ግን ስልኩ ላይ ከምናየው ብዙው በሴንሰር ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ተሰልቶ የተገኘ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ወገን ሊያድንሽ፣ በሌላ ወገን በሐሰት ሊያስወነጅልሽ ይችላል።

እናትሽ ቴርሞሜትር አልነበራትም

አካል የሌለው፣ በስሌት ብቻ የሚሠራ ሴንሰር «ቨርቹዋል ሴንሰር» ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። እናትሽ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስትጥድ ሙቀቱን በምን ትለካው ነበር? ጎመን ዘሩን በትና በማሰሻ ስታሸው የሚወጣውን ጭስ ታያለች፤ ሽታውን ታውቃለች። እንጨቱ ደረቅ ይሁን እርጥብ ታሰላለች። ትንሽ ሊጥ ጠብ አድርጋ ዓይን ማውጣቱን ትጠብቃለች። ከዚያ «አሁን ደርሷል» ትላለች። ሙቀቱን አልለካችውም፤ ግን አወቀችው። እርጥብ እንጨት ጭሱን ቢያበዛውና ዓይኗን ቢያታልላት፣ ሊጡ እውነቱን ይነግራታል። አንዱ ምልክት ሲዋሽ ሌሎቹ ያርሙታል።

ቨርቹዋል ሴንሰርም እንዲሁ ነው። የሚለኩትን ነገሮች ወስዶ ያልተለካውን ያሰላል፤ ከተለካውም መካከል የትኛው እንደዋሸ ይለያል።

አሁን በየቀኑ የምትሠሪበትን ማጠቢያ ማሽን ተመልከቺ። ልብስ አስገብተሽ ስትጫኚው ከበሮውን ወዲያና ወዲህ ጥቂት ያዞራል፤ ከዚያ ነው ጊዜውን የሚጽፍልሽ። ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ሚዛን የለም። ሞተሩ ከበሮውን ለማዞር ምን ያህል እንደደከመ ያይና «ይህን ያህል ኪሎ ልብስ አለ» ብሎ ይገምታል። «1 ደቂቃ ቀረ» ብሎ ጽፎ አሥር ደቂቃ ያቆመሽ ቀን የተናደድሽበት ነገር ይኸው ግምት ነው። ፎጣዎቹ በአንድ በኩል ተጠቅልለው ሚዛኑን አዛብተውታል፤ ማሽኑ ደጋግሞ ለማስተካከል ይሞክራል፤ የጻፈልሽ ደቂቃ ግን ይህን አላወቀም። የኤሲው «ፊልተር አጽዳ» የምትል መብራትም በብዙ ኤሲዎች ላይ ቆሻሻውን አይታ አይደለም የምትበራው፤ ኤሲው የሠራበትን ሰዓት ቆጥራ ነው። የአሸዋ ነፋስ ከነፈሰ በኋላ ፊልተሩ አፈር ለብሶ መብራቷ ሳትበራ ብታገኚ አትገረሚ። ፍሪጅ በር ላይ የሚታየው ቁጥርም ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ቅዝቃዜ ሳይሆን «ይህን ያህል ቀዝቅዝ» ተብሎ የታዘዘው ነው።

እንግዲህ ስልኩም ሆነ ማሽኑ ቁጥር ሲያሳይሽ «ይህ የተለካ ነው፣ የተሰላ ነው ወይስ የታዘዘ?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁንሽ።

አንዲት ሴንሰር ብቻዋን ስትታመን

ሴንሰር ለምን ይዋሻል? ባትሪው ይደክማል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ዋይፋዩ ይቋረጣል፣ ያረጃል። በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ሙቀቱ አለ። እንቅስቃሴ የምታየዋ ነጭ ሴንሰር የሰውን መልክ አታይም፤ የምታየው ከሰውነታችን የሚወጣውን ሙቀት ነው። ሰውነታችን ከግድግዳው ስለሚሞቅ ስንንቀሳቀስ ትለየናለች። ግቢው ውስጥ አየሩና ግድግዳው ወደ 37 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ሰውና ግድግዳ እኩል ይሆኑባታል፤ ከፊቷ ብታልፊም ላታይሽ ትችላለች። በተቃራኒው መጋረጃው በፀሐይ ሞቆ በኤሲው ንፋስ ሲወዛወዝ «ሰው አለፈ» ልትል ትችላለች። ድመትም ሰው ትሆንባታለች።

አንዲት ሴንሰርን ብቻዋን ማመን ምን እንደሚያስከትል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ አፍንጫ አካባቢ በግራና በቀኝ አንዳንድ ሴንሰር አለ፤ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት ነፋስ አንጻር ምን ያህል ቀና ማለቱን ይለካሉ። በበረራ 302 ላይ የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ ወደ 15 ዲግሪ ይል ነበር። ማንም ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያይ «አንዱ ተሳስቷል» ይላል። አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋው ፕሮግራም ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የሰማውም የተሳሳተውን ሆነ።

ከአደጋው በኋላ የተደረገው ማሻሻያ ፕሮግራሙ ሁለቱንም እንዲያወዳድርና በጣም ከተለያዩ ዝም እንዲል ነው። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ግን በዚህ አልረካም፤ ተጨማሪ ሦስተኛ ማመሳከሪያ እንዲኖር ጠየቀ። ምክንያቱን ከሰፈር ሽምግልና ታውቂዋለሽ፦ ሁለት ሰዎች ሲካካዱ ማን እንደዋሸ ለማወቅ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ምስክር ደግሞ የግድ ሌላ ብረት መሆን የለበትም። ከሌሎች መሣሪያዎች ንባብ ተነሥቶ «እውነተኛው ቁጥር ይህን ያህል መሆን አለበት» የሚል ስሌትም ይሆናል። ቦይንግ 787 አውሮፕላን ላይ ይህን የመሰለ ሥራ አለ፤ የፍጥነት መለኪያዎቹ ቢደፈኑ ወይም ቢዋሹ ፍጥነቱን ከሌሎች ሴንሰሮች አስልቶ ለአብራሪው ያሳያል።

ከአውሮፕላን ወደ ማዳም ሳሎን መውረዴ የተጋነነ ሊመስልሽ ይችላል። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ጥሩ የተባለ የስማርት ቤት ሲስተም የሳሎኑ ሙቀት መለኪያ ባትሪው ሲያልቅ ዝም ብሎ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ አይቀርም። ከጎረቤት ክፍሎች፣ ከውጭው ሙቀትና ኤሲው ከሠራበት ሰዓት ተነሥቶ ግምት ይሰጣል፤ «ይህ ግምት ነው» ብሎም ምልክት ያደርጋል። ርካሹ ሲስተም ይህን አያደርግም። «24 ዲግሪ» ብሎ ለሦስት ቀን ሳይንቀሳቀስ የቆመ ቁጥር ካየሽ ክፍሉ በጣም የተረጋጋ ሆኖ አይደለም፤ ሴንሰሯ ሞታለች።

«በሩን ማን ከፈተው?»

ይህ ጥያቄ ብዙ እህቶችን አስለቅሷል። ማዳም ስልኳን ዘርግታ ትመጣለች፤ ስልኩ ላይ «የፊት በር 14:07 ተከፈተ» ይላል። አንቺ በዚያ ሰዓት ሕፃኑን እያስተኛሽ ነበር።

በመጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክዪ። 14:07 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባሕሬን ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ሰዓት ይቆጥራሉ፤ ኤምሬትስና ኦማን ግን በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ስልክሽን ቤተሰብ ለመደወል እንዲመችሽ በአዲስ አበባ ሰዓት ትተሽው ከሆነ፣ ዱባይ ሆነሽ «በ8 ሰዓት እኔ እዚህ ነበርኩ» ስትይ የምታወሪው ስለ ሌላ ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ያላደረግሽውን ያመንሽ ልትመስዪ ትችያለሽ።

ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ የጻፈው ሰዓት በሩ የተከፈተበት ላይሆን ይችላል። ዋይፋይ ተቋርጦ ከነበረ አንዳንድ ሴንሰር መልእክቱን ይዞ ይቆይና መስመሩ ሲመለስ ይልካል። ሲስተሙ የተፈጸመበትን ሰዓት ትቶ መልእክቱ የደረሰበትን ከጻፈ፣ ጠዋት ባባ ሲወጣ የተከፈተው በር ከሰዓት በኋላ እንደተከፈተ ሆኖ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን የበር ሴንሰር ምን እንደሆነ እወቂ። አንዱ ቁራጭ በበሩ ላይ፣ ሌላው በመቃኑ ላይ የተለጠፉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ማግኔት ነው። ሲራራቁ «ተከፈተ» ይላል። ማጣበቂያው በሙቀት ለቆ ቁራጩ ጥቂት ቢንሸራተት ወይም በሩ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ንፋስ ቢያንቀሳቅሰው፣ ማንም ሳይነካው «ተከፈተ» ሊል ይችላል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ይዘላብዳል።

እዚህ ላይ ነው ስሌቱ ጠበቃሽ የሚሆነው። በሩ በእርግጥ ተከፍቶ ቢሆን ቁልፉ መጀመሪያ «ተፈታ» ማለት ነበረበት። የኮሪደሩ ሴንሰር ሰው ማየት ነበረባት። የደጁ ካሜራ መቅረጽ ነበረበት። እነዚህ ሁሉ ዝም ብለው የበሩ ሴንሰር ብቻ ከተናገረ፣ አራት ምስክር ተጠርቶ ሦስቱ «አላየንም» እንዳሉ ቁጠሪው። ደህና የተሠራ ሲስተም ይህን ራሱ አስልቶ «የበሩ ሴንሰር አጠራጣሪ ነው» ብሎ ይጽፋል። የእናንተ ቤት ሲስተም ይህን የማያደርግ ከሆነ ስሌቱን ማዳም ራሷ እንድትሠራው መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሁሉም በስልኳ አለ። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፤ «ማዳም፣ ካሜራውን አብረን እንየው» በዪ። በሩንም አብራችሁ ዝጉትና ስልኩ ምን እንደሚል ተመልከቱ። በሩ ተዘግቶ ስልኩ «ክፍት» ካለ ነገሩ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ለራስሽ ስትዪ አታድርጊ፦ ሴንሰር አትንቀዪ፣ ካሜራ በጨርቅ አትሸፍኚ፣ ዋይፋዩን አትንቀዪ። ስላናደደሽ ብቻ ካጠፋሽው፣ የጠፋበት ሰዓት ይመዘገብና ያ ራሱ ማስረጃ ይሆንብሻል። ይልቅ ትንሽ ደብተር ያዢ። ዋይፋይ የጠፋበትን፣ መብራት የሄደበትን፣ ሴንሰር ያለ ምክንያት የጮኸበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ስልክ ለማይፈቀድልሽ እህቴ ደብተሩ የበለጠ ያስፈልግሻል።

ሌሊት የማያርፍ ቆጣሪ

ስለ ውሃ ላንሣ፤ ምክንያቱም የውሃ ቢል ከፍ ባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ዕቃ ስታጥቢ ውሃውን ትለቂዋለሽ።»

የዱባይ የኤሌክትሪክና የውሃ ባለሥልጣን፣ ዴዋ፣ በየቤቱ ስማርት ቆጣሪ አስገብቷል፤ ከቆጣሪው በኋላ ባለው መስመር ያልተለመደ የውሃ ፍጆታ ሲታይም ለደንበኛው ማስጠንቀቂያ ይልካል። ልብ በዪ፤ በእያንዳንዱ ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ ማፍሰሱን የሚያይ ሴንሰር አልተተከለም። ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ፍሳሹ ከዚያ ቆጣሪ ንባብ ይሰላል። ይህ ነው ቨርቹዋል ሴንሰር ማለት።

የዚህ ዓይነት ስሌት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ሰው የሚኖርበት ቤት ውሃ የሚጠቀመው በየመሐሉ እያረፈ ነው። ጠዋት ይበዛል፣ ቀትር ላይ ይቆማል፣ ማታ እንደገና ይበዛል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ዜሮ ይሆናል። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቆጣሪው በተከታታይ ሌሊቶች ዜሮ ካልነካ፣ የሚያፈሰው ሰው አይደለም፤ ቧንቧ ወይም የሽንት ቤት ታንከር ነው። አንቺም እንደሌላው ሰው በዚያ ሰዓት ተኝተሻል። ስለዚህ ቢሉ ሲመጣ ጠቅላላውን ቁጥር ይዘሽ አትከራከሪ። የሌሊቱ ፍጆታ እንዲታይ ጠይቂ። በስማርት ቆጣሪ የባለቤቱ አካውንት ላይ ፍጆታው ተከፋፍሎ የሚታይበት ቦታ አለ።

ታንከሩን ራስሽ መፈተሽም ትችያለሽ። ለሩዝ ወይም ለኬክ የሚሆን የምግብ ቀለም ጥቂት ጠብታ ከኋላ ባለው ታንከር ውስጥ ጨምሪና ውሃ ሳትለቂ ሃያ ደቂቃ ጠብቂ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የታንከሩ ጎማ ያፈሳል። ድምፅ የማያሰማ ፍሳሽ ነው፤ ቀን ከሌሊት ስለሚፈስ ግን አንቺ ዕቃ ስታጥቢ ከምታፈሺው ይበልጣል።

ይህ ስሌት የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። ቤቱ የለመደውን ኑሮ ሲለውጥ ስሌቱ ግራ ይገባዋል። በረመዳን ቤቱ ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ይነቃል፤ ለሱሑር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ኩሽናው ይሞቃል። የሌላውን ወር ልማድ የተማረ ሲስተም በረመዳን መጀመሪያ ቀናት ያለ ነገሩ ቢጮህ እንግዳ አይደለም። እንግዶች ሲያድሩ፣ የአትክልት ውሃ በሌሊት እንዲሠራ ሲደረግም እንዲሁ ነው። የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ ደግሞ ማነው?

ስሌት የማይተካቸው ነገሮች

እስካሁን ስሌትን ያመሰገንኩ ያህል አሁን ልቃወመው ነው። ጋዝ፣ ጭስና የከሰል ጭስ አልባ መርዝ በግምት አይያዙም። ለእነዚህ እውነተኛ፣ ያላረጀ፣ በትክክለኛ ቦታ የተተከለ ሴንሰር ያስፈልጋል።

በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ስለዚህ መለኪያው ከወለሉ ብዙ ሳይርቅ ዝቅ ብሎ መተከል አለበት። በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ ግን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ መለኪያውም ኮርኒስ አጠገብ ይሆናል። ዝቅ ብሎ የተተከለውን በሩዝ ከረጢት ወይም በቅርጫት አትከልዪበት። ጋዝ ከሸተተሽ አፑ ምንም አላለም ብለሽ አትረጋጊ። መብራት አታብሪ፣ አታጥፊም፤ ብልጭታዋ ትበቃዋለች። መስኮት ክፈቺ፤ የሲሊንደሩን ቁልፍ መድረስ ከቻልሽ ዝጊ፤ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና ውጭ ሆነሽ ደውዪ።

ከሰሉ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። በክረምት ቅዝቃዜ ሲመጣ ክፍላቸውን ለማሞቅ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙና ያልነሡ እህቶች አሉን። «ፍሙ ቀይ ሆኗል፣ ጭስ የለውም፣ አይጎዳም» የሚባለው ስሕተት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። የጭስ ሴንሰርም አያየውም፤ የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል፤ ያ መለኪያ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃል፤ ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ጊዜ ተጽፏል። ቡና ስታፈዪ፣ ለማዳም ቡኹር ስታጨሺ መስኮት ክፈቺ፤ ፍሙን ይዘሽ አትተኚ። ራስሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽና ካቅለሸለሸሽ ወዲያው ወደ አየር ውጪ። ቡኹር የጭሱን ሴንሰር አስጩኾ የሚያስቸግር ከሆነም በፕላስቲክ አትሸፍኚው፤ ቦታው እንዲቀየር ተናገሪ።

በኤምሬትስ «ሐሰንቱክ» የሚባል አሠራር አለ፤ የመኖሪያ ቤቶችን የእሳት ማስጠንቀቂያ ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ያገናኛል። ማዕከሉ ምልክቱ ሲደርሰው እውነት መሆኑን ለማጣራት የሚደውለው ለተመዘገበው የቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ሥራ ላይ ወይም አገር ውጭ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን እሳቱ ጋ ነሽ። ስለዚህ ስልኩ እስኪነሣ አትጠብቂ፤ ውጪና ራስሽ ደውዪ። በኤምሬትስ 997፣ በሳዑዲ 998፣ በኩዌት 112፣ በባሕሬንና በኳታር 999፣ በኦማን 9999 ነው። የአገርሽን ቁጥር አሁኑኑ ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊው።

ወደ ጠፋው ኤሲ እንመለስ

«ማንም የለም» የሚለው ስሌት ክፋት የለበትም። የተሰጡትን ቆጠረ፤ አንቺን አልሰጡትም። ቤተሰቡ በክረምቱ እረፍት ለአንድ ወር አገር ውጭ ሲሄድና አንቺን ቤት ጠባቂ አድርጎ ሲተው ግን ይህ ስሕተት ከባድ ይሆናል። ሁሉም ስልክ ርቋል፣ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል፣ ቤቱ ራሱን ወደ ቁጠባ ያዞራል፤ የአንቺ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ሥር ወይም ግቢ ጥግ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ኤሲ ማጣት ሆስፒታል ያስገባል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ግን ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት መደረግ አለበት። ስልክሽ ዘመናዊ ከሆነና ማዳም ከፈቀደች አንቺም አፑ ላይ እንደ ቤተሰብ አባል ልትጨመሪ ትችያለሽ፤ ብዙዎቹ አፖች ይህን ይፈቅዳሉ። ስልክሽ የት እንዳለ ለአፑ መንገር ካልወደድሽ (ያ መብት ያለው ሥጋት ነው) ሌላ መንገድ ጠይቂ፦ የአንቺ ክፍል ኤሲ ከአውቶማቲኩ ይውጣና በሪሞት ብቻ ይሥራ። ወይም በኮሪደርሽ አንድ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይጨመር። ሁሉም ካልሆነ «ሰው የለም» የሚለው ሥርዓት ጭራሽ ይጥፋ።

አረብኛሽ ገና ከሆነ እነዚህ ይበቁሻል። «ማዳም፣ ሙከዪፍ ታፊ፣ አና ፊል ቤት» ማለት «ማዳም፣ ኤሲው ጠፍቷል፣ እኔ ቤት ውስጥ ነኝ» ነው። «ባጣሪያ ኸላስ» ማለት ባትሪው አልቋል ነው፤ የምትንጫጫ ወይም ቀይ የምታበራ ሴንሰር ስታዪ እሱን በዪ። «ሐሳስ ኸርባን» ደግሞ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቤተሰቡ ሻንጣ ማዘጋጀት ሲጀምር ማዳም አፑን ከፍታ እንድታሳይሽ ጠይቂያት። ቤቱ በሚለው ገጽ ላይ የሰዎቹ ስም ተደርድሯል። ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ፤ ያንቺም ስም መኖሩን እዪ።